ደም ወደ ሥራ ይሄዳል፦ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶችና የአንጎል የደም ፍሰት

(ለታማሚ ቤተሰቦችና ለነርሲንግ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

የዛሬውን ርእስ የመረጡልኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት፤ ፀረ ሳይኮሲስ ከሚባሉት፣ የሌለ ድምፅ መስማትንና የመሳሰለውን ከሚያበርዱት መድኃኒቶች አንዱን፣ ክሎርፕሮማዚንን፣ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ቀለል ብለውለታል፣ እንቅልፉም ተመልሷል። ግን ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ግድግዳ ይይዛል። አንድ ቀን ደጅ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። በዚያው ሳምንት ውጭ አገር ያለች የእኅታቸው ልጅ በስልክ ፎቶ ትልክላቸዋለች። የአንጎል ምስል ነው፤ ኋላው ቀይና ቢጫ፣ በግንባር በኩል ያለው ሰማያዊ። እናትየው ሁለቱን ነገር አገናኙና ስልኩን ዘርግተው፣ «ዶክተር፣ ይሄ ኪኒን የልጄን ደም ከጭንቅላቱ እያወረደው ነው እንዴ? ይኸው፣ ሰማያዊው የደረቀው አይደለም?» አሉኝ።

ደጅ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። «ምንም አይደለም እማማ፣ ቀስ ብሎ ይነሣ ብቻ» ብዬ ሸኘኋቸው። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረም። ለካ የጠየቁኝ የሙያው ሰዎች ለዐሥርት ዓመታት የተከራከሩበትን ነገር ኖሯል። ያን ቀን ያልመለስሁትን ዛሬ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ከደሙ ልጀምር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ጎተራ የለውም። ጉበትም ጡንቻም ስኳር ያከማቻሉ፤ አንጎል ግን ቀለቡን በየሰከንዱ የሚቀበል ነው። ደም ጨርሶ ቢቋረጥበት ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ጤነኛ ጎልማሳ ላይ እያንዳንዱ 100 ግራም አንጎል በደቂቃ 50 ሚሊሊትር ያህል ደም ያገኛል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ደሙ ለሁሉም ሰፈር እኩል አይታደልም። የጠዋት ታክሲን አስቡ። ተሳፋሪ በበዛበት በኩል ታክሲው ይበረክታል፤ ሰዉ ሲያልቅ ታክሲውም ይሳሳል። አንጎል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ እያያችሁ ከሆነ የዓይን ነገር የሚተረጎምበት የኋለኛው ክፍል ደም ይበዛለታል፣ እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ እጅን የሚያዘው ክፍል ይበዛለታል። ተራ አስከባሪም አለ። አስትሮሳይት የሚባሉት ኮከብ የሚመስሉ ሕዋሶች አንድ እግራቸውን ከነርቭ ሕዋሱ፣ ሌላውን ከደም ሥሩ ላይ አድርገው «እዚህ ሰው በዝቷል፣ ላክ» የሚሉ ናቸው።

ይህ ነገር እንዴት እንደታወቀ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ስለምወደው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አንጄሎ ሞሶ የሚባል ጣልያናዊ ሊቅ በርቲኖ ከሚባል ገበሬ ጋር ይገናኛል። በርቲኖ የራስ ቅሉ ላይ በአደጋ የተፈጠረ ክፍተት ስለነበረው የአንጎሉ ትርታ ከቆዳው ሥር ይታይ ነበር። ሞሶ መሣሪያ አገናኝቶ ትርታውን ወረቀት ላይ እያስጻፈ ሳለ የእኩለ ቀን ደወል ተደወለ፤ የአንጎሉ ትርታ ከፍ አለ። የክንዱ ግን እንደነበረ ነው። ሞሶ ገባውና፣ ደወሉ ጸሎት አስታውሶት እንደሆነ ጠየቀው፤ አሁንም ትርታው ከፍ አለ። ገበሬው ያሰበውን ነገር ደሙ ተናገረበት ማለት ነው። በ1890 ደግሞ ሮይና ሼሪንግተን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሊቃውንት አንጎል እንደ ሥራው መጠን የደም አቅርቦቱን በየአካባቢው እንደሚያስተካክል ጻፉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ለእናትየው ጥያቄ ግማሹ መልስ ይኸው ነው። የአንጎልን የደም ፍሰት የሚያሳይ ምስል ስታዩ፣ በአብዛኛው የምታዩት የሥራውን ጥላ ነው። ሰማያዊው አልደረቀም። ቀለሙን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ነው፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ላድርገው ቢል ማንም አይከለክለውም። ሰማያዊ ማለት ከሌላው ጋር ሲወዳደር አነስ ያለ ማለት ነው። ስንት ቢያንስ ሰማያዊ ይሁን የሚለውን የሚወስነውም ያው ሰውዬ ነው። በመቶ አምስት ብቻ የቀነሰን ቦታ እንደ ውቅያኖስ አስመስሎ መቀባት ይቻላል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። በ1940ዎቹ ሲሞር ኬቲ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረባው ከካርል ሽሚት ጋር የሕያው ሰው አንጎል ምን ያህል ደም እንደሚያገኝ የሚለካበት ዘዴ ፈጠረ። ሰውዬው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በጥቂቱ ይተነፍሳል፤ እነሱ ከደም ቅዳና ከአንገት ደም መልስ ደም እየቀዱ አንጎሉ ምን ያህል ጋዝ እንዳስቀረ ያሰላሉ። ኬቲ በዚህ ዘዴ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ለካ፣ ውጤቱንም በ1948 አሳተመ። ምን አገኘ? ምንም። የአንጎላቸው ጠቅላላ ደምና ኦክስጅን ከጤነኛው ጋር እኩል ነው። የተሳሳተ ሐሳብ ለማሰብም ትክክለኛውን ለማሰብ የሚያስፈልገውን ያህል ኦክስጅን ይወስዳል ማለት ነው፤ ኬቲ ራሱ እንዲህ ይል እንደነበር ይነገራል።

ግን ኬቲ የለካው ድምሩን ነበር። የአንድ ከተማ ታክሲ ጠቅላላ ቁጥር አልተለወጠም ማለት በየሰፈሩ እንዴት እንደተከፋፈለ አይነግራችሁም። ይህን ያየው ስዊድናዊው ዴቪድ ኢንግቫር ነው። ከጎራን ፍራንዘን ጋር ሆኖ፣ ጨረር ያለው ዜኖን የሚባል ጋዝ አንገት ላይ ባለው ደም ቅዳ እያስገባ የአንጎልን ሰፈሮች አንድ በአንድ ለካ። በ1974 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ዓመት የታመሙ ሰዎችን ይመለከታል። ጤነኛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ደሙ ወደ ግንባሩ በኩል ይበዛል፤ እነዚህ ታማሚዎች ላይ ግን ግንባሩ አነስ፣ ኋላው ከፍ ብሎ ተገኘ። በግንባር በኩል ያለው አንጎል ማቀድን፣ መጀመርን፣ ራስን መግዛትን የሚሠራልን ነው። ዝም ብሎ ግድግዳ ሲያይ የሚውል፣ ገላውን መታጠብ የተወ፣ «ምን ልሥራ» የማይል ታማሚ ቤታችሁ ያለ እንደሆነ ይህ ግኝት ለምን ብዙ ሰው እንዳስደሰተ ይገባችኋል። በቃ፣ ሕመሙ ተገኘ!

አንድ ችግር ብቻ ነበር። የ1974 ታማሚ የ1948 ታማሚ አይደለም። በመካከል መድኃኒት ገብቷል። ክሎርፕሮማዚን በፈረንሳይ የተቀመመው በ1950 መጨረሻ ነው፤ በ1952 ፓሪስ ውስጥ ሳንታን ሆስፒታል ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር ለአእምሮ ታማሚዎች ሰጡት። ሃሎፔሪዶል በ1958 ቤልጅየም ውስጥ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ዓመታት የታመመ ሰው ማለት ዓመታት ኪኒን የዋጠ ሰውም ማለት ነው። እንግዲህ ግንባሩ በኩል ያነሰውን ደም ያሳነሰው ማን ነው? ሕመሙ ወይስ መድኃኒቱ?

ሁለቱም ናቸው። እንዴት እንደሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል።

ለሕመሙ ዋናው ማስረጃ በ1986 የወጣው የዳንኤል ዋይንበርገርና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። መድኃኒት ያቆሙ ታማሚዎችን ወስደው በእረፍት ሳይሆን በሥራ ላይ ለኳቸው። ሥራው የካርታ መደርደር ነው፦ በቀለም ነው የሚደረደረው፣ በቅርጽ ነው ወይስ በቁጥር? ሕጉ አይነገራችሁም፤ ከስህተታችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ ልክ ስትደርሱበት ደግሞ ሕጉ ይለወጣል። ጤነኞቹ ሲጫወቱ የግንባራቸው የጎን ክፍል ደም ጨመረለት። ታማሚዎቹ ላይ ያን ያህል አልጨመረም። ቀለል ያለ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ግንባሩ ደም ያጣ አይደለም፤ ሲጠራ የማይነሣ ነው።

ለመድኃኒቱ ደግሞ ማስረጃው ቀጥተኛ ነው። ያንኑ ታማሚ ሃሎፔሪዶል እየወሰደ አንድ ጊዜ፣ ካቆመ በኋላ አንድ ጊዜ መቅረጽ ነው። በ1990ዎቹ ሜሪላንድ ውስጥ ሄንሪ ሆልኮምብና ባልደረቦቹ ይህን አደረጉ፤ እነሱ የለኩት ስኳር አጠቃቀምን ነው፣ ደሙን የሚጠራው እሱ ነውና። መድኃኒቱ ሲኖር ስትራያተም የሚባለው ጥልቅ ክፍል ሥራው ይጨምራል፣ ግንባሩ ይቀንሳል። «ታማሚ ስለሆኑ ነው» የሚል እንዳይኖር ለንደን ውስጥ 20 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይም ተሞክሯል፤ ጥናቱ በ2013 ወጣ። አንድ ጊዜ 3 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል፣ ሌላ ጊዜ 10 ሚሊግራም አሪፒፕራዞል የሚባል አዲስ ፀረ ሳይኮሲስ፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ኪኒን። ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ፍሰቱ ሲለካ ሁለቱም መድኃኒቶች በስትራያተም ጨምረውታል፣ በሃሎፔሪዶሉ ይበልጥ። ሁለቱም በግንባር ቀንሰውታል። በጆሮ ግንድ በኩል ግን ተለያዩ፤ ሃሎፔሪዶል ቀነሰ፣ አሪፒፕራዞል ጨመረ። አንዲት ኪኒን ናት ይህን ያደረገችው፣ ያውም ምንም በሌለበት ሰው።

ቆይ፣ እንዴት? መድኃኒቱ ተቀባይ፣ ማለትም ሕዋሱ መልእክት የሚሰማበትን በር፣ ይዘጋል አይደል የሚባለው? የሚዘጋ ነገር እንዴት ደም ይጨምራል? ነርሲንግ ተማሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ስትራያተም ከአንጎል መሐል ጠለቅ ብሎ ያለ፣ እንቅስቃሴንና ልማድን የሚያስተዳድር ክፍል ነው፤ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አድራሽ ቅመም የሚፈስበት ዋና መስክም እሱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚይዙት የዶፓሚን ተቀባይ ዲ-ሁለት ይባላል። ዶፓሚን በዲ-ሁለት በኩል የሚያስተላልፈው መልእክት «ሥራ» ሳይሆን «ዝም በል» ነው። መድኃኒቱ መጥቶ ቦታውን ሲይዝበት ዝም አሰኚው ይጠፋል፤ እንግዲህ ሕዋሱ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ይደክማል፣ ሲደክም ስኳርና ኦክስጅን ይጠይቃል፣ ደሙም ይመጣለታል። የእነዚህ ሕዋሶች ጩኸት በረጅም መንገድ ዞሮ ወደ ግንባር የሚሄደውን መልእክት የሚገታ ነው። ስለዚህ ታች ሲጨምር ላይ ይቀንሳል። ሁለት የተለያየ ነገር አይደለም፣ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ነው።

እናንተ ይህን ገመድ በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው ፊቱ ሲደርቅ፣ ሲሄድ እጁ ሳይወዛወዝ ሲቀር፣ አንገቱ ሲጣመም፣ አርቴን የሚባለው ግትርነትን የሚያላላ ኪኒን የሚጨመርለት ለዚህ ነው። ግትርነቱ የሚመጣው ምስሉ ላይ ከቀላው ከዚያው ሰፈር ነው። ሺቲጅ ካፑርና ባልደረቦቹ በ2000 ቶሮንቶ ውስጥ 22 አዲስ ታማሚዎች ላይ ዝቅተኛ መጠን ሃሎፔሪዶል ሰጥተው ምን ያህሉ ተቀባይ እንደተያዘ ፔት በሚባለው የምስል መሣሪያ ቀረጹ። 65 በመቶ ሲያዝ የመሻል ዕድሉ ይጨምራል፤ ከ78 በመቶ ሲያልፍ ግትርነቱ ይመጣል። መጠን መጨመር ሁልጊዜ ማዳን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቁጥር አላውቅም። ልጄ አልተሻለውምና ጨምሩልኝ የምትሉ ቤተሰቦች፣ በ65ና በ78 መካከል ያለችው በር ጠባብ ናት።

ሌላም መንገድ አለ፣ ነገሩን የሚያወሳስብ። እስካሁን መድኃኒቱ ሥራውን ይለውጣል፣ ደሙ ሥራውን ይከተላል ብያለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱ የደም ሥሩንም በቀጥታ ሊነካው ይችላል። በ1998 የል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዶፓሚን የሚያፈሱ የነርቭ ጫፎች በአንጎል ቅርፊት ውስጥ በቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ተለጥፈው አገኙ፤ ዶፓሚን ሲጨመርባቸውም ሥሮቹ ጠበቡ። ይህ ማለት ተሳፋሪው ሳይለወጥ መንገዱ ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው፤ ዶፓሚንን የሚከለክል መድኃኒትም ይህን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ መድኃኒት የሚወስዱና የማይወስዱ ሰዎችን በኤምአርአይ አወዳድሮ «የዚህ ሰው አንጎል እንዲህ ያስባል» ሲላችሁ፣ ያየው ሐሳቡን ይሁን ቧንቧውን ጠይቁት። ብዙ የሚያማምሩ ምስሎች በዚህ ጥያቄ ፊት ይገረጣሉ።

አሁን ወደ 50 ሚሊሊትሩ ልመለስ። መቀነስ ሲባል ሁላችንም እንደነግጣለን። እስቲ ቡናን እንይ። ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም የሚሆን ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይቀንሰዋል፤ የደም ሥሩን የሚያሰፋውን አዴኖሲን የሚባል ነገር ስለሚከለክልበት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንነሣ ሰዎች በየቀኑ ከግንባራችን ብቻ ሳይሆን ከመላው አንጎላችን ደም እየቀነስን ነው፤ ለዚያውም ነቅተን፣ ተጫውተን፣ ሐሜቱንም ሳንረሳ። ለምን አንጎዳም? ምክንያቱም አንጎል በእረፍት ጊዜ ከሚያልፍለት ኦክስጅን ከግማሽ ያነሰውን ነው የሚያነሣው፤ ደሙ ሲቀንስበት ከቀረው ይበልጥ ያነሣል። ሕዋሶች ሥራ ማቆም የሚጀምሩት ከ50ው ወደ 20 ሚሊሊትር ገደማ ሲወርድ ነው፤ መሞት የሚጀምሩት ወደ 10 ሲጠጋ። መድኃኒቱ በግንባር በኩል የሚያደርገው ቅነሳ የደም ሥሩ ጤነኛ የሆነን ሰው ወደዚያ ገደል አፋፍ አያደርሰውም። ይህን በድፍረት እላለሁ።

«የደም ሥሩ ጤነኛ የሆነን» ያልሁትን ግን ልብ በሉልኝ፤ እዚያ ላይ ነው ቀልድ የሌለው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን የእናትየው ልጅ መውደቅ፤ እሱ ከምስሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስንነሣ ግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በጤናው ጊዜ ነርቮች ወዲያውኑ የእግርን የደም ሥር «ጠበብ በል!» ይሉታል፣ ግፊቱ ይጠበቃል፣ ጭንቅላት ምንም አያውቅም። ክሎርፕሮማዚን ከዶፓሚን ሌላ የደም ሥሩ ይህን ትእዛዝ የሚሰማበትን ጆሮም ይደፍናል፤ አልፋ-አንድ ይባላል ተቀባዩ። ክሎዛፒንም እንዲሁ፣ ኩዌታያፒንም፣ ሪስፐሪዶንም በተለይ ሲጀመር። ሃሎፔሪዶል በዚህ በኩል ይሻላል። ትእዛዙ ሳይሰማ ሲቀር ግፊቱ ይወርዳል። አንጎል ግፊት ቢዋዥቅም የራሱን ፍሰት እያስተካከለ የሚኖር ነው፤ አማካይ ግፊቱ ከ60 ገደማ በታች ሲሆን ግን ማስተካከያው አቅም ያጣል፤ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል።

የሚገርመው ክሎርፕሮማዚን መጀመሪያ የተፈለገው ለደም ዝውውር ጉዳይ መሆኑ ነው። አንሪ ላቦሪ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ የተጨነቀው ሰው በቀዶ ሕክምና ጊዜ ግፊቱ ወድቆ በድንጋጤ እንዳይሞት ነው። ክሎርፕሮማዚንን የሞከረው የሰውነትን ምላሽ ለማብረድ ነበር። ከዚያ ታማሚዎቹ ነቅተው ሳሉ ምንም የማያስጨንቃቸው መሆናቸውን አይቶ፣ ይህ ነገር ለአእምሮ ሐኪሞች ይጠቅማል አለ። የንግድ ስሙም ላርጋክቲል የሆነው ሥራው ሰፊ ነው ለማለት ነው። ሰፊ ነው እንግዲህ፤ ድምፁንም ያበርዳል፣ ግፊቱንም ያወርዳል።

ምን ይደረግ? መጠኑ ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ክሎዛፒን በ12.5 ሚሊግራም የሚጀመረው ለዚሁ ነው። ብዙው መጠን በሐኪሙ ፈቃድ ወደ ማታ ይዞራል። ታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ውሃ ይጠጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች አላችሁ፣ አልከለክልም፤ ውሃ ሳይቀምስ እስከ ከሰዓት በኋላ ጾሞ የሚቆምን ልጅ ግን ብቻውን አታቁሙት፣ ለሐኪሙም ንገሩት። በብዙ ሰው ላይ ሰውነቱ በሳምንታት ይለምደዋል።

የደም ሥራቸው ያረጀ ሰዎች ነገር ሌላ ነው። አያት የመርሳት ሕመም ይዟቸው ሌሊት ሲጮኹ፣ ቤተሰብ ሲቸገር፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ይታዘዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 እንደ ሪስፐሪዶን ያሉ አዲሶቹ መድኃኒቶች ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያወጣው 17 ጥናቶችን አይቶ ነው፦ መድኃኒቱን የወሰዱት የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ10 ሳምንት ጥናት 4.5 በመቶና 2.6 በመቶ እንደማለት ነው። በ2008 ማስጠንቀቂያው እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ አሮጌዎቹንም ጨመረ። ከሞቱ የሚበዛው በልብና በሳንባ ምች ነው፤ ስትሮክም በአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ጨምሮ ታይቷል። ለ20 ዓመት ልጅ የማልፈራውን ኪኒን ለ80 ዓመት አዛውንት ስጽፍ እጄ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

(አንድ አባት፣ መድኃኒቱ አንጎልን ይቀንሳል ስለሚባለው ጠየቁ።)

አባባ፣ ጥያቄው የወሬ አይደለም። በ2005 በወጣ ጥናት ጦጣዎች በሰው ልክ የተመጠነ ሃሎፔሪዶል ወይም ኦላንዛፒን ከ17 እስከ 27 ወር ተሰጥቷቸው፣ የአንጎላቸው ክብደትና መጠን ከ8 እስከ 11 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። በአዮዋ ደግሞ 211 ታማሚዎችን በአማካይ ሰባት ዓመት ተከታትለው፣ ብዙ መድኃኒት የወሰዱት ላይ መቀነሱ በዝቶ አዩ፤ በ2011 አሳተሙት። ግን ብዙ መድኃኒት የሚሰጠው ማን ነው? ሕመሙ የከበደበት። ሕመሙ ራሱ ይቀንስ ይሆናል፤ ያው የቅድሙ ሙግት ተመለሰብን። እኔ ከዚህ የምወስደው በቂ የሆነችውን ትንሿን መጠን ፈልጎ ማግኘትን ነው። እርስዎ የሚወስዱት ግን «እንግዲያው ላስቁመው» የሚለውን እንዳይሆን። በድንገት አቁሞ ያገረሸበትን፣ ድልድይ ላይ የተገኘን፣ ሥራውን ያጣን ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

(አንዲት ተማሪ፣ የደም ፍሰት ምስል መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይናገር እንደሆነ ጠየቀች።)

ብዙ ተሞክሯል። ሂፖካምፐስ የሚባለው የትውስታ ክፍል በብዙ ጥናት ያለ መድኃኒት ባሉ ታማሚዎች ላይ ፍሰቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ በመድኃኒት ዝቅ ይላል፤ ለተመራማሪ ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። ነገር ግን ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። አንድ ሰው ፊትሽ ተቀምጦ ሳለ ከምስሉ ተነሥተሽ ይሄኛውን ኪኒን ስጡት ለማለት አያበቃም።

(ሌላ ሴት፣ ወንድማቸው ውጭ አገር ወስዶ የአንጎል የደም ፍሰት ምስል ላስነሣለት እያለ እንደሆነና ገንዘቡን ማውጣት ይገባ እንደሆነ ጠየቁ።)

ሐኪሙ እጢ ወይም የሚጥል በሽታ ጠርጥሮ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ካዘዘ አንድ ነገር ነው፣ ያንን አድርጉ። የደም ፍሰቱን ምስል ግን ስኪዞፍሬንያ ነው አይደለም ለማለት ብላችሁ አታስነሡ፤ ሕመሙ የሚታወቀው አሁንም ከታማሚው ታሪክና ከሐኪሙ ጋር ከሚያደርገው ንግግር ነው። ቀለም የበዛበት ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ እኔም የታዘዘለትን መድኃኒት ስም እጠይቃችኋለሁ። በዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይገዛል። ልጁ ተኝቶ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ለኩት፣ አስነሡትና በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ቆሞ ሳለ ለኩት። የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም የታችኛው 10፣ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ያቺን እናት ያን ቀን እንዲህ ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጠኑን የማስተካክልበት ነገር እጄ ላይ ይኖር ነበር።